የቡድን የራዲዮ ውድድር፦ መልቲ-ሲንግል፣ መልቲ-ቱ ወይስ መልቲ-መልቲ?

የአማተር ራዲዮ ውድድር (በተወሰነ ሰዓት ከብዙ ጣቢያዎች ጋር በራዲዮ መገናኘት) በቡድን ለመግባት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያወራው ስለ አንቴና ነው። ቀጥሎ ስለ ራዲዮ። በየትኛው ምድብ እንወዳደር የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ይመጣል። እኔ ይሄ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ፣ ምን ያህል ኬብል እንደሚዘረጋ፣ ሌሊት ማን እንደሚነሳ የሚወስነው ምድቡ ነው። ምድብ የሚመረጠው ደግሞ ባላችሁ ራዲዮ ብዛት አይደለም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ፍሪኩዌንሲ ይዞ ሳይዛነፍ መጥራት የሚችል ስንት ሰው አላችሁ? መነሻው እሱ ነው።

ለማነጻጸር አንድ ውድድር ልያዝ፤ ሲኪው ወርልድዋይድ። ከ1948 ጀምሮ የሚካሄድ፣ ብዙ ቡድን የሚገባበት ውድድር ነው። (ዓመትና ወሩን የምጠራው እንደ ፈረንጆቹ ነው።) በድምፅ የሚካሄደው በኦክቶበር የመጨረሻ ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ይውላል። በሞርስ ኮድ የሚካሄደው በኖቬምበር የመጨረሻው ላይ። ሁለቱም 48 ሰዓት ናቸው። በዓለም አቀፉ ሰዓት ቅዳሜ 00:00 ሲል ይጀመራል። አዲስ አበባ ላላችሁ ይህ ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የሚያበቃውም ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ላላችሁ ይቀላል፤ የኦክቶበሩ በፈረንጅ ሰዓት ዓርብ ምሽት 8:00፣ የኖቬምበሩ 7:00 ይጀምራል።

መጀመሪያ ነጥቡ

ከሌላ አህጉር ጣቢያ ጋር ስትገናኙ 3 ነጥብ ታገኛላችሁ። እዚያው አህጉራችሁ ካለ ሌላ አገር ጋር ከሆነ 1 ነጥብ ነው፤ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ግን 2 ይሆናል። ከራሳችሁ አገር ጣቢያ 0። ከዚያ ማባዣ አለ። ለውድድሩ ሲባል ዓለም በ40 ዞን ተከፍላለች። በእያንዳንዱ ባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል) ላይ አዲስ ዞን አንድ ማባዣ ነው፤ አዲስ አገርም ሌላ ማባዣ። በመጨረሻ የነጥቡ ድምር በማባዣው ድምር ይባዛል። ባንዶቹ ስድስት ናቸው፦ 160፣ 80፣ 40፣ 20፣ 15 እና 10 ሜትር።

በቁጥር እንየው። አንድ ቡድን እያንዳንዱ 3 ነጥብ የሚያስገኝ 2000 ግንኙነት አለው እንበል። 6000 ነጥብ ማለት ነው። ማባዣው 300 ከሆነ ውጤቱ 1,800,000 ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ተራ ግንኙነት ቢጨመር 900 ያስገኛል። አንድ አዲስ ማባዣ ግን ከ6000 በላይ። ስለዚህ አንድ ማባዣ ወደ ሰባት የሚጠጋ ተራ ግንኙነት ያህላል። አንድ ማባዣ ለማደን ሩብ ሰዓት የሚያጠፋ ኦፕሬተር አዋጣ ወይስ ከሰረ የሚለውን በዚህ ስሌት ታውቁታላችሁ። ፓይልአፕ (ብዙ ጣቢያ በአንድ ጊዜ የሚጠራው ግርግር) ላይ ቢሆን በዚያው ሩብ ሰዓት 40 ጣቢያ ሊያስገባ ይችል ነበር።

ያላችሁበት ቦታ ደግሞ ሁሉንም ይለውጠዋል። አዲስ አበባ ያለ ቡድን ከአውሮፓም፣ ከአሜሪካም፣ ከእስያም ጋር ሲገናኝ 3 ነጥብ ነው። ኢትዮጵያ ያለችበት ዞን 37 በአየር ላይ ብዙ ጣቢያ የለውም። ስለዚህ በኢቲ (የኢትዮጵያ መለያ) የሚጀምር የጣቢያ መጠሪያ የሰማ ሁሉ ለማባዣው ሲል ይጠራችኋል። እስራኤልና የገልፍ አገሮች እስያ ውስጥ ስለሚቆጠሩ አውሮፓ ለእነሱም 3 ነጥብ ነው። ፍራንክፈርት ያለ ቡድን ግን ቀኑን ሙሉ ጎልቶ የሚሰማው ሌላ አውሮፓዊ ነው፤ በ1 ነጥብ። እሱ ማባዣ ካላደነ አይራመድም። ዋሽንግተን አካባቢ ያለው ደግሞ በጣም ጎልቶ የሚሰማው አሜሪካዊ 0 ነጥብ ስለሆነ አንቴናውን ወደ አውሮፓ አዙሮ ንጋቱን ይጠብቃል። አንድ ምድብ ለአራቱም እኩል አይስማማም።

መልቲ-ሲንግል፦ ቀላል የሚመስለው

ስሙ ያሳስታል። ብዙ ሰው፣ አንድ ማስተላለፊያ ይመስላል። ከዚህ የሚቀል ነገር የለም ትላላችሁ። በተግባር ግን ደንቡ ጥብቅ የሆነው እዚሁ ነው። ዋናው ጣቢያ አንድ ባንድ ይዞ ይጠራል። ሁለተኛ ጣቢያ በሌላ ባንድ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ማግኘት የሚችለው አዲስ ማባዣ ብቻ ነው። ባንድ መቀያየርም በጊዜ የተገደበ ነው። ሎጉ (የግንኙነቶቹ መዝገብ) ላይ እያንዳንዱ ግንኙነት በየትኛው ማስተላለፊያ እንደተደረገ ይመዘገባል፤ ዳኞቹም ያዩታል። ስለዚህ የዓመቱን ደንብ ሳታነቡ እንዳትገቡ፤ ባንድ ስለመቀየር የሚለውን ክፍል ደግሞ ሁለቴ አንብቡት።

ሌላው ችግር የሰው ነው። አምስት ሰው አላችሁ እንበል። አንዱ ይጠራል፣ አንዱ ማባዣ ያድናል። ሦስቱ ያያሉ። ልምድ ያለው ቡድን እነዚህን ሦስቱንም ሥራ ይሰጣቸዋል። አንዱ ከሚጠራው ሰው ጎን ተቀምጦ በሌላ ሄድፎን ያንኑ ድምፅ ይሰማል። ዋናው ኦፕሬተር አንዱን ጣቢያ ሲመልስ እሱ ከኋላ የሚጮኹትን ጥሪዎች ጨልፎ ስክሪኑ ላይ ያስቀምጣል። ጆሮ የለመደ ሰው እዚያ ሲቀመጥ ፍጥነቱ ሲጨምር ወዲያው ይታያል። ጀማሪ ግን እዚያ ቦታ ላይ ይጨነቃል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሻይ ሊያፈላ ይነሳና አይመለስም።

መልቲ-ሲንግል አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። በዚህ ውድድር ከቡድን ምድቦች ውስጥ ለዝቅተኛ ኃይል ማለትም እስከ 100 ዋት የራሱ ደረጃ ያለው እሱ ነው። ሌሎቹ ላይ በ100 ዋት ብትገቡ የምትሰለፉት 1500 ዋት ከሚያወጣ ጋር ነው። ኃይል የሚያጎላ አምፕሊፋየር ከሌላችሁና በውጤት ሰንጠረዡ ላይ ያላችሁበት ቦታ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ክርክሩ እዚህ ያበቃል፤ መልቲ-ሲንግል ዝቅተኛ ኃይል ግቡ። 1500 ዋት የውድድሩ ጣሪያ መሆኑንም አትርሱ። የአገራችሁ ፈቃድ ከዚያ ያነሰ ከሆነ የሚገዛችሁ ፈቃዱ ነው።

ለማን ይሆናል? ከሦስት እስከ አምስት ሰው ላለው ቡድን፣ ከነሱም ቢያንስ ሁለቱ ጠንካራ ከሆኑ። አውሮፓ ላለ ቡድንም ጥሩ ነው፤ ማባዣ አዳኙ እዚያ ሥራ አያጣም።

መልቲ-ቱ፦ እኔ የምመርጠው

ሁለት ጣቢያ፣ ሁለት የተለያየ ባንድ፣ ሁለቱም ያገኙትን ሁሉ መሥራት ይችላሉ። ማባዣ ይሁን ተራ ጣቢያ ልዩነት የለውም። እያንዳንዱ ማስተላለፊያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ባንድ መቀየር የሚችለው እስከ 8 ጊዜ ነው፤ ለጤናማ ቡድን ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ለክለብ፣ ለተማሪ ቡድን፣ ወይም ገና እየተሰባሰበ ላለ ቡድን ከመልቲ-ሲንግል ይልቅ ይሄ ይሻላል የምለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ሁልጊዜ ሁለት ሰው በእውነት አየር ላይ ነው። ልምድ ያለው 20 ሜትር ላይ ሲጠራ ጀማሪው 10 ሜትር ላይ የራሱን ፓይልአፕ ይዞ መማር ይችላል። ቢንተባተብ ዋናው ጣቢያ አይቆምም። ሁለተኛው፣ ቦታችሁ ተፈላጊ ከሆነ ማባዣው እራሱ ይመጣል።

የአዲስ አበባውን እንይ። የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማህበር የክለብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ነው ያለው። አንድ ተማሪ «ሲኪው ኮንቴስት፣ ኢኮ ታንጎ ስሪ አልፋ አልፋ» (ሲኪው ለሁሉም የሚደረግ ጥሪ ነው) ብሎ የመናገሪያውን ማብሪያ ሲለቅ የሚመጣው የድምፅ ማዕበል ነው። ከመሀሉ «ዴልታ ሊማ» (ዲኤል፣ የጀርመን መለያ) የሚል ብቻ ሰማ እንበል። «ዴልታ ሊማ፣ ፋይቭ ናይን ስሪ ሰቨን» ይላል። 59 የምልክቱ ጥራት፣ 37 ዞኑ። ጀርመኑ ሙሉ መጠሪያውንና የራሱን ዞን 14 ይሰጣል። «ታንክዩ» ብሎ ወደ ቀጣዩ። ዴልታ ሊማ ሲባል ሌላው ሰው ዝም ካላለ ያንኑ ደግሞ መጥራት እንጂ ጮክ ያለውን መቀበል አይገባም፤ አንዴ ከተቀበላችሁት ሁሉም መጮኽ ይጀምራል። ይህንን የሚያስተምር መጽሐፍ አላውቅም። የሚማሩት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነው። መልቲ-ቱ ደግሞ ሁለት ወንበር አለው።

ዋጋው ምንድነው? ሁለቱ ጣቢያዎች እርስ በርስ ይረባበሻሉ። ብዙ ቡድን ሳይዘጋጅ የሚገባውም እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

አንዱ ኦፕሬተር 7125 ኪሎኸርዝ ላይ ይጠራል። የዚህ ፍሪኩዌንሲ እጥፍ 14250 ነው፤ ሦስት እጥፉ 21375። ሁለቱም ውድድሩ የሚካሄድባቸው ቦታዎች ናቸው። ማንኛውም ማስተላለፊያ ከዋናው ምልክት ጋር እነዚህን ብዜቶች በደካማው ያወጣል። ብራዚል ላለ ሰው አይሰሙም። 40 ሜትር ርቆ አንቴና ለተከለ ጓደኛችሁ ግን ሄድፎን የሚያስወረውሩ ናቸው። ከዚህ ሌላ ዋናው ምልክት ራሱ በጣም ስለሚቀርብ የተቀባዩን የፊት ክፍል ያደነቁረዋል።

መፍትሔው ሦስት ነው። አንደኛ፣ አንቴናዎችን በተቻለ መጠን ማራራቅ። ሁለተኛ፣ በየራዲዮው ላይ ለባንዱ የተሠራ፣ ሌላውን የሚያግድ ፊልተር ማስገባት። ይሄ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ግን ከአምፕሊፋየር በፊት ይገዛ ባይ ነኝ። ሦስተኛው በእጅ የሚሠራ ነው። ከ40 ሜትር ማስተላለፊያው መውጫ ላይ በቲ ማያያዣ ወደ 7 ሜትር የሚጠጋ ኮአክሲያል ኬብል ትቀጥላላችሁ፤ የኬብሉ ጫፍ ላይ የመሀሉ ሽቦና መረቡ ይበየዳሉ። ርዝመቱ 7.1 ሜጋኸርዝ ላይ ሩብ ሞገድ ነው፤ የፍጥነት መጠኑ 0.66 ለሆነው (ምልክቱ በውስጡ በብርሃን ፍጥነት 0.66 ያህል ለሚጓዝበት) ለተለመደው ኬብል። 40 ሜትር ላይ ምንም አያደርግም። 14 ሜጋኸርዝ ላይ ግን ግማሽ ሞገድ ስለሚሆን ያንን ብዜት ወደ ምድር ይደፋዋል፤ የ28ቱንም እንደዚያው። መጀመሪያ ትንሽ አስረዝማችሁ ቁረጡ፤ ከዚያ በአንቴና አናላይዘር እየለካችሁ አሳጥሩ። ይሄ ኬብል 21 ሜጋኸርዝን አይነካም። ስለዚህ 40 እና 15 ሜትር አንድ ላይ ማሠራት ካለባችሁ ፊልተሩ ግድ ነው፤ ከሌለ በዚያ ሰዓት ሁለተኛውን ጣቢያ ሌላ ባንድ ላይ አስቀምጡት።

ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ለመልቲ-ቱ ይበቃል። በ100 ዋትም ሊገባበት ይችላል፤ ደረጃው ዝቅ ይላል፣ ትምህርቱ አይቀንስም።

መልቲ-መልቲ

ስድስቱም ባንድ በአንድ ጊዜ። በየባንዱ አንድ ምልክት ብቻ። ማስተላለፊያዎቹ ሁሉ ዲያሜትሩ 500 ሜትር በሆነ ክብ ውስጥ ወይም በአንድ ይዞታ ውስጥ መሆን አለባቸው። ለዚህ ምድብ የተሠሩ ጣቢያዎች አሉ፤ ባለቤቶቻቸው ለብዙ ዓመት ማማ በማማ ላይ የጨመሩባቸው። በኬፕ ቨርዴ ሳኦ ቪሴንቴ ደሴት፣ ሞንቴ ቨርዴ ተራራ ላይ ያለው ዲ4ሲ ከባሕር በላይ ከፍ ብሎ የቆመ የውድድር ጣቢያ ነው። ከእንደዚህ ዓይነቱ ጋር ነው የምትሰለፉት።

ቢያንስ አሥር ሰው ያስፈልጋል። ኤሌክትሪኩ ብቻ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አንድ ባለ 100 ዋት ራዲዮ ሲያስተላልፍ ከ13.8 ቮልት ላይ 20 አምፔር ያህል ይስባል። ይህን በስድስት አባዙት፤ አምፕሊፋየር ካለ ደግሞ ጀነሬተሩ ሌላ ይሆናል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ መልቲ-መልቲ ማሰብ ገንዘብን በነዳጅ መጨረስ ነው። አንድ ነገር ግን ተበደሩ፦ ትሪፕሌክሰር የሚባለው ዕቃ በአንድ ባለሦስት ባንድ አንቴና ላይ ሦስት ራዲዮ ያሠራል። ማማችሁ አንድ ብቻ ከሆነ ለመልቲ-ቱም ይጠቅማችኋል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ጣቢያዎቹ በተለያየ ቦታ ሆነው እንደ አንድ ቡድን የሚወዳደሩበት ምድብ መጥቷል፤ ሁሉም በአንድ አገርና በአንድ ዞን ውስጥ እስከሆኑ ድረስ። ጥሩ ኢንተርኔት ላላቸው ጓደኛሞች ደስ ይላል። የጀማሪ ቡድን ግን አንድ ክፍል ውስጥ ይሁን። አጠገብህ ያለው ሰው እንዴት እንደሚጠራ ማየት በኢንተርኔት አይላክም።

ከዚህ ውድድር ውጭ ያሉ አማራጮች

48 ሰዓት የከበደው ቡድን የአይኤአርዩን (የዓለም አቀፉን የአማተር ራዲዮ ኅብረት) የዓለም ሻምፒዮና ይይ። በጁላይ ሁለተኛው ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ነው፣ 24 ሰዓት ብቻ። ለኢትዮጵያ ከቅዳሜ ቀን 9 ሰዓት እስከ እሁድ ቀን 9 ሰዓት ማለት ነው። ድምፅና ሞርስ ይቀላቀላሉ። የሚላከው ዞን የተለየ ነው፤ ኢትዮጵያ በዚህኛው አቆጣጠር 48 ናት። ጊዜው ሐምሌ ነው። ነጎድጓድ ሲጀምር ኬብሉ ከራዲዮው ተነቅሎ ውጭ ይቀመጣል፤ ውድድሩ ይቁም፣ ክርክር የለውም።

የሁለት ሰው ቡድን ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል ማየት የሚፈልግ የደብሊውአርቲሲን (የዓለም የራዲዮ ቡድኖች ሻምፒዮና) ታሪክ ያንብብ። በ1990 ሲያትል ላይ ተጀመረ። ሁለት ሁለት ሰው ያላቸው ቡድኖች በተመሳሳይ አንቴናና ኃይል የሚፋለሙበት ነው፤ በ2018 ጀርመን ዊተንበርግ ላይ 63 ቡድን ተሰልፏል።

አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ ፊልድ ደይ አለ፤ የጁን አራተኛው ሙሉ ቅዳሜና እሁድ። በ1933 የተጀመረ ነው። መናፈሻ ውስጥ ድንኳን ተክላችሁ በባትሪና በጀነሬተር ትሠራላችሁ። ሜሪላንድ ወይም ዲሲ ሆኖ በሦስት ማስተላለፊያ የሚሠራ ክለብ የሚልከው «ስሪ አልፋ፣ ኤምዲሲ» ነው (አልፋ የምድቡ ፊደል ነው)። ከ100 ዋት ባልበለጠ ኃይል መሥራት ነጥቡን በሁለት ያባዛል፤ ስለዚህ አምፕሊፋየር አለመኖር አያሳፍርም። ለአዲስና ለረጅም ጊዜ ለጠፉ ሰዎች የተለየ ጣቢያም ይፈቀዳል። ልጆች ይዞ ለመሄድ ከዚህ የሚሻል የለም። ውድድሩ ከጣማችሁ በዋሽንግተን አካባቢ ፖቶማክ ቫሊ ራዲዮ ክለብ የሚባል የውድድር ክለብ አለ፤ አባላቱ እያንዳንዳቸው ከቤታቸው ተወዳድረው ነጥባቸው በክለቡ ስም ይደመራል። ግቢ የሌለው፣ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው በዚህ መንገድም የቡድን አባል ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ

የሰው ድልድል ከአንቴናው እኩል ይታሰብበት። አንድ ሰው ከሦስት ሰዓት በላይ አይጥራ። ጎበዙን ሰው ለመጀመሪያው ሰዓት አትጨርሱት፤ የመጀመሪያው ሰዓት ማንም ቢቀመጥ ይደምቃል። እሱን ለእሁድ ከሰዓት አቆዩት፣ የሚጠራ ሲጠፋና ሁሉም ሲሰለች። አልጋ ወይም ፍራሽ ከራዲዮው ክፍል ውጭ ይሁን።

የኖቬምበሩ ውድድር ብዙውን ጊዜ ከነቢያት ጾም ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ምግቡ አስቀድሞ ይታሰብ። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ንፍሮ ጥሩ ነው። ሽሮ በእንጀራ ከጠረጴዛው ይራቅ፤ በአንድ እጅ እየጎረሱ በሌላው ሎግ መጻፍ አይሆንም።

ኮምፒውተሮቹ በኬብል ይገናኙ። ዋይፋይ ከ1500 ዋት አጠገብ አይታመንም። ኤንዋንኤምኤም ሎገር ፕላስ የሚባለው የሎግ መጻፊያ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ኮምፒውተሮቹንም ያያይዛል፤ አንዱ 20 ሜትር ላይ ያገኘውን ሌላው ያያል። ሰዓቱ ሁሉም ላይ በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሞላ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት የሐበሻ ከሆነ ለእረፍት ተራ ብቻ ይጠቅም፤ ሎግ ውስጥ አይግባ።

ሎጉ ውድድሩ ካለቀ በ5 ቀን ውስጥ መላክ አለበት። ላኪው ከውድድሩ በፊት ይታወቅ፤ ሰኞ ጠዋት ሁሉም ደክሞ ይበተናል። ከመላኩ በፊት ሦስት ነገር ይይ፦ ምድቡ ትክክል መጻፉን፣ እያንዳንዱ ግንኙነት የትኛው ማስተላለፊያ ላይ እንደተደረገ መመዝገቡን፣ የኦፕሬተሮች ዝርዝር መሙላቱን። ዝርዝሩ ላይ ሌሊቱን 80 ሜትር ላይ ያደረውንም ጨምሩ።